«ዲስክ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ለረጅም ቁልቁለት የሳይክል ፍሬን እንዴት ይመረጣል?

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ስለ ሳይክል ብዙ ያውቃል፣ ስለ ፍሬን ግን ትንሽ። ጥፋቱ የእኛ አይደለም፤ የከተማችን ነው። ከጊዮርጊስ እስከ ፔዳ ብትሄዱ፣ ከጣና ዳር ተነስታችሁ ዓባይ ማዶ ብትሻገሩ መንገዱ ሜዳ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ቢሆን ፍሬን የሚያስጨንቅ ቁልቁለት የለበትም። ፔዳል መምታት ካቆማችሁ ሳይክሉ ራሱ ይቆማል። ፍሬኑ የተበጠሰ ሳይክል ለሳምንታት በጫማው ሶል እያቆመ የሚነዳ ልጅ ብታዩ ማንም አይገርመውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከሜዳው የወጣን ቀን ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደጀን ላይ የዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል። ወደ ሰሜን የዘለቀ ደግሞ ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞን ያገኛል። ለእኛ የቅርቡ ግን ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ስለ ፍሬን የተማርነው እዚያ ነው፤ በነፃ አልተማርንም እንጂ።

ወንድሜ ደብረ ታቦር ነው የሚማረው። ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ሲገዛ ደውሎ የነገረኝ ስለ ማርሹም ስለ ቀለሙም አልነበረም። «ዲስክ ፍሬን ነው፣ ያውም የዘይት! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። እኔም አመንኩት። ባሕር ዳር ሲመጣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን ሞከርነው። በሁለት ጣት ጫን ሲያደርገው ሳይክሉ ቀጥ ይላል። የኔ አሮጌ ሳይክል ቸርኬውን በጎን የሚይዝ ተራ ቪ ፍሬን ነው ያለው፤ አፈርኩበት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ የመንገዱን ሰላም ጠይቀን ካረጋገጥን በኋላ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር በሳይክል ልንወርድ ተነሳን። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወረታ 1,830 ገደማ። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ800 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ሁሉም ቁልቁለት አይደለም፣ መሀል ላይ ሜዳም ዳገትም አለ፤ ቁልቁል የሚሆንበት ቦታ ግን የምር ቁልቁል ነው።

ዓለም በር ሳንደርስ ወንድሜ ከፊቴ ነበር። ፈሪ ስለሆነ ፍሬኑን ከላይ ጀምሮ አንዴም አልለቀቀም፤ ቀስ እያለ፣ እየያዘ፣ እየያዘ ይወርዳል። እኔም በልቤ «ጥንቁቅ ልጅ» እያልኩ እከተላለሁ። ድንገት «ፍሬን የለም!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። የፊቱ እጀታ እስከ መሪው ድረስ ገብቶለት ሳይክሉ ግን አይያዝም። የኋላው ብቻውን አልቻለም። ታች መታጠፊያው ላይ ከብት የሚነዱ ልጆች እየተሻገሩ ነበር። ወንድሜ መሪውን ወደ ዳገቱ በኩል ሰብሮ የታረሰ መሬት ውስጥ ገባ። ክርኑ ተላጠ፣ ሱሪው ተቀደደ። በቃ፣ ያ ብቻ ነው የሆነው። ግን ከብቶቹ ጋር የቀረው ርቀት እስካሁን ትዝ ይለኛል።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆመውልን ወረዱ። ልጁ ደህና መሆኑን ካዩ በኋላ ዲስኩን በሩቁ ተመለከቱትና፣ «ልጄ፣ እኛ ይሄን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ነው የምንወርደው፤ ሞተሩ ይይዝልናል። ያንተ ሳይክል ሞተር የለውም። ታዲያ ፍሬንህን ለምን አላሳረፍከውም?» አሉት። 

ነገሩን ግራ የሚያጋባ ያደረገው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተቀመጥን በኋላ እጀታው እንደገና ጠነከረ፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ፍሬኑ መሥራት ጀመረ። የኔ ያፈርኩበት ቪ ፍሬን ደግሞ እንዳለ ነበር። ባሕር ዳር እንደደረስን ነገሩን ማጥናት ጀመርኩ።

ፍሬን ምድጃ ነው

ፍሬን ሳይክሉን «ያቆማል» እንላለን። በትክክል ሲታይ ፍሬን የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፦ የሳይክሉን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይራል። ስለዚህ ለሜዳ ከተማ የምንጠይቀው ጥያቄ «በስንት ሜትር ያቆማል?» ቢሆን፣ ለረጅም ቁልቁለት የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ «ሙቀቱ የት ይሄዳል?»

ሂሳቡ ቀላል ነው። ሰው 60 ኪሎ፣ ሳይክል 15፣ ሻንጣ 10፣ በድምሩ 85 ኪሎ እንበል። ይህ ክብደት 850 ሜትር ሲወርድ 700 ሺህ ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ይህ ሁለት ሊትር ውሃ ከቀዝቃዛ ተነስቶ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 1,300 ሜትር ያህል ይወረዳል፤ እዚያ ሙቀቱ ከሦስት ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። አሁን ዲስኩን እዩት። አንድ ተራ የሳይክል ዲስክ ከ200 ግራም በታች የሆነ ስስ ብረት ነው። ሦስት ሊትር የሚያፈላ እሳት ሁለት እንደዚህ ዓይነት ብረቶች ላይ ሲወርድባቸው አስቡት።

እርግጥ ሙቀቱ ሁሉ ፍሬን ላይ አያርፍም፤ ጥቂቱን ጎማው፣ የቀረውን ንፋሱ ይወስዳል። ንፋሱ የሚወስደው ግን እንደ ፍጥነታችሁ ነው። በ100 ሜትር 6 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየያዛችሁ ብትወርዱ፣ ንፋሱ የሚያግዛችሁ ከ10 በመቶ ባነሰ ነው። በ35 ኪሎ ሜትር ብትወርዱ ግማሽ ያህሉን ንፋሱ ይሸከምላችኋል። ያ ማለት ግን «ልቀቁትና ሂዱ» ማለት አይደለም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። ለአሁኑ የሚያስፈልገን ወንድሜ «ጥንቃቄ» ብሎ ያደረገው ነገር፣ ማለትም ያለማቋረጥ መያዝ፣ ሙቀቱን በሙሉ ፍሬኑ ላይ እንደጫነው ማወቅ ነው። ዲስኩ ለመቀዝቀዝ አንድ ደቂቃ እንኳ አላገኘም።

ዘይቱ ሲፈላ

የዘይት ፍሬን ላይ እጀታውን ስትጫኑ ፈሳሹ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ሸራውን ዲስኩ ላይ ያጣብቃል። ፈሳሽ ሲጨመቅ መጠኑ አይቀንስም፤ ለዚህ ነው በሁለት ጣት የሚይዘው። ሙቀቱ ፈሳሹን አፍልቶ እንፋሎት ከፈጠረ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንፋሎት ይጨመቃል። እጀታው እስከ መጨረሻው ይገባል፣ ሸራው ግን አይነቃነቅም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፍሬኑ «ይድናል»። የወንድሜ ፍሬን ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተመለሰበት ምሥጢር ይሄ ነው።

ግን ጥሩ ዘይት እንዲህ በቀላሉ አይፈላም። ፍሬኑን ስናስፈታው ምክንያቱ ተገኘ፦ ውስጡ ያለው የመኪና ፍሬን ዘይት ነው፤ ፍሬኑ ግን የተሠራው ለሚኒራል ኦይል ነበር። ከእኛ በፊት የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ያገኘውን ሞልቶበታል። ጎሚኒዎቹ አብጠው ነበር።

ይህን ነጥብ በደንብ ያዙት፤ እኛ አገር ከምንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው። የሳይክል ፍሬን ዘይት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሚኒራል ኦይል ሲሆን ሺማኖ፣ ቴክትሮና ማጉራ የሚጠቀሙት እሱን ነው። ሌላው ዶት የሚባለው ነው፤ ብዙዎቹ የስራም ፍሬኖች በሱ ይሠራሉ። ዶት መኪናም ስለሚጠቀምበት የመኪና ዕቃ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። ፈተናውም እዚህ ላይ ነው፦ የሚኒራል ኦይል ፍሬን ያለው ሰው ዘይት ሲያልቅበት ቅርብ ያገኘውን ዶት ያስሞላል። ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል። ጎሚኒው ግን ለዚያ ፈሳሽ ስላልተሠራ ቀስ በቀስ ይበላሻል። በተቃራኒው ማድረግም ያው ነው።

ዶት የራሱ ጠባይም አለው፦ ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ካልደረሰ አይፈላም፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 155 ዲግሪ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ በርካሽ ከተሰጣችሁ አትግዙ። ሚኒራል ኦይል ውሃ አይስብም፤ ውሃ ከገባበት ግን አይቀላቀለውም። ውሃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ወደ ታች፣ ማለትም በጣም ወደሚሞቀው የሸራው ሰፈር ይወርዳል። ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። የሚሆነውን ገምቱት።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ያለንን አማራጮች አንድ በአንድ እንያቸው።

የድሮዎቹ ባለ ዘንግ ፍሬኖች ለከተማ ይበቃሉ። ለቁልቁለት ግን አይሆኑም፤ በተለይ ክረምት ላይ የረጠበ ቸርኬ ጨርሶ አይያዝላቸውም።

ቪ ፍሬን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ግን ቸርኬው ትልቅ ብረት ስለሆነ ሙቀቱን ሰፊ ቦታ ላይ ይበትናል። በ2016 እ.ኤ.አ. ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ውድድሩ ላይ ዲስክ ፍሬን አልነበረም፤ ተወዳዳሪዎቹ የአውሮፓን ተራሮች የወረዱት ቸርኬ በሚይዝ ፍሬን ነው። ድካሙ ሁለት ነው፦ ዝናብና ጭቃ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በጣም ከተያዘ ደግሞ የጋለው ቸርኬ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል።

የካቦ ዲስክ እንደ ተራ ፍሬን በሽቦ ገመድ የሚሳብ ነው። እንደ ዘይቱ አይለሰልስም፤ ጣት ያደክማል። ሸራው ሲያልቅ ራሱን አያስተካክልም፤ ረጅም ቁልቁለት መሀል ላይ እጀታው እየገባ ሲመጣ ቆማችሁ ማጥበቂያዋን በእጅ ማዞር አለባችሁ። ግን የሚፈላ ዘይት የለውም። ገመዱ ቢበጠስ ማንኛውም ሳይክል ጠጋኝ ይቀይርላችኋል።

የዘይት ዲስክ፣ በትክክለኛው ዘይት ከተሞላና አየሩ በደንብ ከወጣለት፣ ከሁሉም ይበልጣል። ይህን መካድ አይቻልም። ጥያቄው «ከተሞላ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስማር አንድ ነገር ተለማምጃለሁ፦ ዕቃ ሲገዛ የሚከፈለው ዋጋ የዕቃው ዋጋ ሁሉ አይደለም። የዘይት ፍሬን ስትገዙ ትክክለኛውን ዘይት፣ አየር ማውጫ መርፌውን፣ ሸራውን፣ ጎሚኒውንና ሥራውን የሚያውቅ ሰውም አብራችሁ ትገዛላችሁ። ከእነዚህ አንዱ ከሌለ በሌላ ነገር ይተካል፤ የወንድሜ ፍሬንም የተተካው እንደዚያ ነው። የቁጠባው ልዩነት የተከፈለው በክርኑ ነው።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ይህ ነው። ዘይቱንና ሸራውን ያለማቋረጥ የምታገኙበት መንገድ ካላችሁ፣ ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድም ቢሆን፣ የዘይት ዲስክ ውሰዱ። ከሌላችሁ ደህና የካቦ ዲስክ ውሰዱ፤ የፊቱን ዲስክ ግን ትልቅ አድርጉት። በጣም ርካሽ ሳይክል ላይ ለስሙ ያህል የተለጠፈ ዲስክና ደህና ቪ ፍሬን ከቀረቡላችሁ ደግሞ ሳታፍሩ ቪ ፍሬኑን ምረጡ።

የዲስኩ ስፋትና የሸራው ዓይነት

የተለመዱት የዲስክ መጠኖች 160፣ 180 እና 203 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከ160 ወደ 180 ስትሄዱ በዚያው የእጅ ጉልበት 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ የማቆም ኃይል ታገኛላችሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ሙቀቱን የሚበትን ብረት ይጨምራል። ሳይክል ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ትልቁ ዲስክ ለፊት ጎማ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሹካው ስንት ሚሊ ሜትር ድረስ እንደሚችል አረጋግጡ፤ ማስተካከያ ብረትም ያስፈልገዋል።

ሸራ ሁለት ዋና ዓይነት አለው። ሬዚን የሚባለው ለስላሳ ነው፣ አይጮህም፣ ከተማ ላይ ወዲያው ይይዛል። ሲግል ግን ፊቱ እንደ መስታወት ይሆንና ይንሸራተታል፤ ጭቃ ላይም ቶሎ ያልቃል። የብረት ሸራ ይጮኻል፣ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይሰንፋል፣ ግን ሙቀትና ጭቃ ይችላል። ለረጅም ቁልቁለት የብረቱ ይሻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ የሺማኖ ዲስኮች ላይ በእንግሊዝኛ «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። እንዲህ ዓይነቱ ዲስክ ላይ የብረት ሸራ ከገባ ዲስኩን ይበላዋል።

ያገለገለ ሳይክል ስትገዙ

ስልካችሁን አውጡ። የፍሬን እጀታውንና ዲስኩን የሚይዘውን ክፍል ፎቶ አንሱ፤ የተጻፈበትን ሞዴል ፈልጉና ዘይቱ ምን እንደሆነ እወቁ። ብዙ ጊዜ እጀታው ላይ ራሱ «ሚኒራል» ወይም «ዶት» የሚል ታገኛላችሁ።

እጀታውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። ቀስ እያለ ወደ መሪው የሚሰምጥ ከሆነ ዘይት ያፈሳል ወይም ጎሚኒው አልቋል። ደጋግማችሁ ስትጫኑት እየጠነከረ የሚሄድ ከሆነ ውስጡ አየር አለ።

ሸራውን እዩ፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አልቋል ብላችሁ ዋጋ ቀንሱ። ዲስኩን ራሱን ተመልከቱ፤ የሺማኖ ዲስክ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ከሳሳ መቀየር አለበት። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ዲስኩ እየተወላገደ ሸራውን የሚነካ ከሆነ ተጣምሟል።

አዲስ ሸራ ካስገባችሁ ወደ ቁልቁለት አትሂዱ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ፍጥነት እየጨመራችሁ ሃያ ጊዜ ያህል ቀስ አድርጋችሁ ያዙት፤ ሸራውና ዲስኩ ይላመዳሉ። ለዚህ እንኳ ከባሕር ዳር የተሻለ ከተማ የለም።

እንዴት ይወረዳል?

የሹፌሩ ምክር እዚህ ላይ ነው የሚሠራው፦ ፍሬን ይረፍ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሩቅ በሚታይበት፣ ሰውና ከብት በሌለበት ቦታ ፍሬኑን ልቀቁት፤ ንፋሱ ይያዛችሁ። ከመታጠፊያው በፊት ቀድማችሁ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱን አውርዱ፣ ልቀቁ፣ ከዚያ ታጠፉ። አጭርና ጠንካራ አያያዝ ከረጅምና ልል አያያዝ ይሻላል።

ግን የኛ መንገድ የአልፕስ መንገድ አይደለም። ከብት አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን አለ። መልቀቅ በማይቻልበት ቦታ በዝግታ መያዝ ግዴታ ነው። ያኔ መፍትሔው መቆም ነው፦ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ከመንገድ ወጥታችሁ አሥር ደቂቃ አሳርፉት። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ወይም እጀታው ከወትሮው ከገባ ግን እዚያው ቁሙ። ዲስኩን በእጃችሁ አትንኩ። ሃይላንድ አንስታችሁ ውሃ አታፍሱበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል።

ወንድሜ የዘይት ፍሬኑን አውጥቶ በካቦ ዲስክ ተካው፤ ፊቱን 180 አደረገው፣ የብረት ሸራ አስገባ። ሲይዘው ይጮኻል፣ የግቢ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ መንገድ እንደገና ወረድነው። ሁለት ጊዜ ቆመን ሻይ ጠጣን፣ አንድ ጊዜ ማጥበቂያውን በእጁ አዞረ። ከብት የሚነዱት ልጆች ያገኙን ያው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ቀድሞ ያዘ፣ ቆመ፣ እስኪሻገሩ ጠበቃቸው።